የመናኸሪያዋ ድምፅ

ታላቅየዋ ሱቅ ስትሄድ ብዙ አታወራም። የምትፈልገውን በጣቷ ጠቁማ፣ ከፍላ ትወጣለች። አፏን ከከፈተች ነገር ይመጣል። ባለሱቁ ቀና ብሎ ያያትና፣ «አንቺ ነሽ እንዴ? እስቲ በሞቴ፣ አንዴ ‹በር ላይ የቆማችሁ መንገደኞች› በይልኝ» ይላታል፤ ሚስቱንም ከጓዳ ይጠራል። በመናኸሪያው ድምፅ ማጉያ አውቶቡስ የምትጠራው እሷ ናት። ከቲኬት መቁረጫው በላይ ባለች ባለ አንድ መስኮት ክፍል ውስጥ ስለምትውል ፊቷን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ድምፅዋን ግን ንፋሱ ከገበያው አሳልፎ እስከ ሆስፒታሉ ስለሚያደርሰው፣ ከተማው ሰዓቱን የሚቆጥረው በእሷ ነው። «የመናኸሪያዋ» ይሏታል።

ታናሽየዋ ሌላ ዓይነት ናት። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ስለሚያሳፍራት፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቃ በእግሯ ወደ ኋላ የምትመለስ ልጅ ናት። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻትም፣ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረቻትም ታላቅየዋ ናት። ተመርቃ ከመጣች ጀምሮ ማመልከቻ እያስገባች ቤት ተቀምጣለች። ሁለቱ የሚመሳሰሉት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስልክ ላይ ድምፃቸው አይለይም። አክስታቸው አንድ ጊዜ ደውላ የታላቅየዋን የድሮ እጮኛ ነገር ከሥሩ ጀምራ ዘርግፋ ስትጨርስ፣ «አክስቴ፣ እኔ እኮ ትንሿ ነኝ» ብትባል፣ «ታዲያ እስካሁን ምን ዘጋሽ? ድመት» ብላ ጆሮዋ ላይ ዘግታባታለች።

ነገሩ የመጣው በመንገደኞች ማረፊያው በኩል ነው። ማረፊያው ጣራው ደህና የሆነ፣ አግዳሚ ወንበሮች የተደረደሩበት ሰፊ አዳራሽ ነው። አንድ ቀን ጠዋት የመናኸሪያው ኃላፊ ወደ ታላቅየዋ ክፍል ወጣና፣ ከሌሎቹ ማስታወቂያዎች ጋር የምታነበው አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረላት። «የመንገደኞች ማረፊያ ለጥገና የተዘጋ መሆኑን እየገለጽን፣ ስለ ትዕግስታችሁ እናመሰግናለን።» አነበበች። ክረምቱ አልፎ በጋ መጣ፤ በጋውም አልፎ ክረምት ተመለሰ። በዚያ በር አንድም አናጺ፣ አንድም ቀለም ቀቢ ሲገባ አልታየም። ሲገባ የሚታየው ሲሚንቶ ነበር። የኃላፊው አማች የሕንፃ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ መጋዘኑ ጠቦታል። ጭነት መኪና በኋላ በር እየተጠጋ ያራግፋል፤ መንገደኛው ደግሞ ከአጥሩ ሥር፣ ፀሐይ ሲሆን ፀሐይ ላይ፣ ዝናብ ሲሆን ዝናብ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። የመናኸሪያው ሠራተኛ ሁሉ ያውቃል። ማንም አያወራም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሌላው ሠራተኛ የሚጠበቅበት ያወቀውን መዋጥ ብቻ ነው። ታላቅየዋ ግን ከመዋጥ አልፋ በየቀኑ መናገር ነበረባት። መንገደኛውም የሚያኮርፈው እሷን ነው። መስኮቷ ሥር መጥተው፣ «እመቤት፣ ይሄ ጥገና መቼ ነው የሚያልቀው?» ይሏታል፣ መዶሻውን የያዘችው እሷ ይመስል። አንድ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ለመሆኑ ደሞዝሽን የሚከፍሉሽ በውሸት ቁጥር ነው?» ብሏት ሄዷል። ይህን ማታ ለታናሽየዋ ስትነግራት እየሳቀች ነበር፤ እራቷን ግን ሳትጨርስ ተነሳች።

«እና እትዬ፣ አታንብቢያ» አለች ታናሽየዋ።

«ማንበብ ሥራዬ ነው።»

«ውሸት መሆኑን እያወቅሽ?»

«አንቺስ ማመልከቻሽ ላይ ‹ከሰዎች ጋር በቀላሉ እግባባለሁ› ብለሽ አልጻፍሽም?»

ታናሽየዋ ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ዶፍ የጣለበት ቀን መጣ። ከሆስፒታል የወጣች አራስ ሕፃኗን በላስቲክ ጠቅልላ የማረፊያው በር ላይ ቆመች። ጥበቃው አልከፍትም አላት። «በሩ ከተከፈተ ሲሚንቶው እርጥበት ያገኘዋል» አለ፤ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ የታዘዘውን ነው። ታላቅየዋ ከመስኮቷ አይታ ወረደችና አራሷን ወደ ራሷ ክፍል ይዛት ወጣች። ክፍሏ ለአንድ ሰውም አትበቃም። የሕፃኑ ጩኸት በማይኩ ገብቶ ከተማውን አዳረሰ፤ ገበያተኛው ቆሞ ሰማ። ኃላፊው እየሮጠ መጥቶ፣ «ይሄ ማዋለጃ ክፍል ነው እንዴ?» አላት። የዚያን ቀንም ማስታወቂያዋን አነበበች፤ ለትዕግስታቸው አመሰገነቻቸው። ቤት ስትገባ ግን ለታናሽየዋ፣ «ለሬዲዮኑ ልደውል ነው» አለቻት።

«ከተማው ምን አለ» የሚባለውን የጠዋት ፕሮግራም የማይሰማ ቤት የለም ማለት ይቻላል። መጀመሪያ የሰፈር አቤቱታ ይመጣል፤ ውሃ፣ መብራት፣ ቆሻሻ። ቀጥሎ ፖለቲካ ነው፤ እሱ ምርጫ ሲቃረብ ይረዝማል፣ ምርጫ ሲያልፍ ያጥራል። መጨረሻ ላይ ኪነ ጥበብ አለ፤ አንድ ልብስ ሰፊ ጥላው ስለሄደች ሚስቱ በየሳምንቱ አዲስ ግጥም ያነባል። ሚስትየዋም ከአዲሱ ባሏ ጋር ሆና ታዳምጣለች ይባላል። አዘጋጁን ሰው ሁሉ ጋሽ ጆሮ ይለዋል። ደዋዩ ገና «ጤና ይስጥልኝ» ከማለቱ፣ «ቆይ፣ አትንገረኝ» ይልና በድምፁ ብቻ ማን እንደሆነ ይናገራል። ሲያገኝ ቴክኒሻኑ ቃጭል ይመታል። ቃጭሉ ያልተመታበት ቀን የለም። አንዲት ባልቴትን «እማማ ባለ ወፍጮ» ብሎ ቢጠራት፣ በሕይወቷ ወፍጮ ኖሯት የማያውቅ ሴትዮ እንዳያፍር ብላ «አዎ ልጄ» አለችው ይባላል።

ታላቅየዋ የእረፍት ቀኗን ጠብቃ ደወለች። ስልክ የምታነሳው ሴት ጉዳዩን ጠየቀቻት።

«ስም እንዳይጠራብኝ ነው የምፈልገው» አለች ታላቅየዋ።

«አይዞሽ እናቴ፣ ስም አንጠራም። ለእሱም እነግረዋለሁ። ሬዲዮሽን ቀንሺና ጠብቂ።»

ታናሽየዋ ሬዲዮኑን ይዛ ግቢ ወጣች፤ ድምፁን ዝቅ አድርጋ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

ጋሽ ጆሮ ቃሉን ጠበቀ። «ቀጣይዋ አድማጫችን ስማቸው እንዲጠራ አልፈለጉም፤ እናከብራለን። ይቀጥሉ፣ እመቤት» አለ። ታላቅየዋ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ድምፅዋን አፍና ጀመረች። ማረፊያው ለጥገና እንዳልተዘጋ ተናገረች። ውስጡ ያለው ሲሚንቶ እንደሆነ፣ ሲሚንቶው የማን እንደሆነ፣ አራሷ በሩ ላይ ምን እንደተባለች ተናገረች። አላጋነነችም። ጋሽ ጆሮ፣ እውነት ለመናገር፣ በደንብ አዳመጣት፤ «ይህን በዓይንዎ አይተዋል?» ብሎ ጠየቃት። «በየቀኑ አየዋለሁ» አለችው። «ከባድ ነገር ነው ያነሱልን» አለ፤ ድምፁም ከብዶ ነበር። እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ጥሩ ነበር። ታላቅየዋ ግን ማይክ ይዛ ንግግር የምትጨርስበት አንድ መንገድ ነው የምታውቀው። ጉንፋኑን ረስታ፣ በለመደ አፏ፣ ቃሉን ሳብ አድርጋ፣ «ስለ ትዕግስታችሁ እናመሰግናለን» አለች።

 ከዚያ የጋሽ ጆሮ ሳቅ መጣ፣ አኩኩሉ ላይ ጓደኛውን ያገኘ ልጅ ዓይነት ሳቅ።

«ቆይ» አለ። «ቆይ፣ አትንገሪኝ። የመናኸሪያዋ!»

ቃጭሉ ተመታ።

ታናሽየዋ ወደ ቤት ስትገባ ታላቅየዋ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ቃጭሉ ተመታ?» አለች።

«ተመታ።»

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አለችና ተነስታ የነገውን የሥራ ልብሷን መተኮስ ጀመረች።

ልብሱ አላስፈለገም። በማግስቱ ኃላፊው ሳይቆጣ፣ እንደውም ወንበር ስቦላት፣ «ነገሩ እስኪጣራ ማይኩ ይረፍ» አላት። ለስብሰባ እስክትጠራ ቤቷ እንድትቆይ ተነገራት። በእሷ ቦታ ከቲኬት ቆራጮቹ አንዱ ገብቶ ሲጠራ፣ ወደ ምሥራቅ የሚሄደውን አውቶቡስ ወደ ምዕራብ ላከው፤ ከተማውም ሳቀ። ስለ ማረፊያው ያለውን ማስታወቂያ ግን አልተሳሳተም።

ታላቅየዋ ሬዲዮ ጣቢያው ደወለች። ጋሽ ጆሮ ራሱ ስልኩን ያዘ።

«እህቴ፣ እኔ ስም አልጠራሁም» አላት። «ቅጂው አለ፤ ከፈለግሽ አሰማሻለሁ።»

«ሥራዬን ጠሩ እንጂ።»

«ሥራሽንማ ማን ያጣዋል? ክብር እኮ ነው። ስንት ሰው በድምፁ ይታወቃል?»

«ከሥራዬ ሊያባርሩኝ ነው።»

«አይደፍሩም። ከደፈሩ ደውይልኝ፣ አየር ላይ እናወጣዋለን።»

የስብሰባው ዋዜማ ታናሽየዋ መብራቱ ከጠፋ በኋላ፣ «ምን ልትያቸው ነው?» አለቻት።

«እኔ ነኝ እላቸዋለሁ።»

«ማስረጃ የላቸውም እኮ። ድምፅ ነው። ‹አይደለሁም› ካልሽ ምን ያደርጉሻል?»

«አላልኩም ልበል?» ታላቅየዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ስሚ፤ ይሄን ሁሉ ዓመት ስናገር የኖርኩት የሌላ ሰው ነገር ነው። ምን ሰዓት እንደሚነሳ፣ ምን እንደተዘጋ። ይቺ አንዷ እንኳ የኔ ነበረች። ካባረሩኝ በእሷ ያባርሩኝ።»

ታናሽየዋን እንቅልፍ አልወሰዳትም። ታላቅየዋ ሌላ ሙያ የላትም፤ ከዚያ ማይክ ወርዳ ምን ልትሆን እንደምትችል ታናሽየዋ ብታስብ፣ ብታስብ የታያት ነገር አልነበረም።

ጠዋት ታላቅየዋ ወጣች። ቤቱ ጭር ሲል ታናሽየዋ ስልኩን አነሳች፣ አስቀመጠችው፣ እንደገና አነሳችው። በሕይወቷ ለማታውቀው ሰው ደውላ አታውቅም። ስልክ የምታነሳው ሴት፣ «ስም ይጠራ?» ስትላት፣ «ይጠራ» አለች። 

«ጤና ይስጥልኝ» አለች አየር ላይ።

«ቆይ፣ አትንገሪኝ» አለ ጋሽ ጆሮ። «የመናኸሪያዋ! ተመልሰሽ መጣሽልን።» ቃጭሉ ተመታ።

«አይደለሁም። ታናሽ እህቷ ነኝ። ባለፈው የደወልኩትም እኔ ነኝ። እሷ ስለ ነገሩ ምንም አታውቅም። ያለ ጥፋቷ ነው የታገደችው።»

ጋሽ ጆሮ ሳቀ። «እህቴ፣ ፍርሃትሽ ይገባኛል። ግን በዚህ ጆሮ ላይ አትምጪብኝ። እንጀራዬ ነው።»

«እውነቴን ነው።»

«አድማጮች ይፍረዱኛ» አለና መስመሩን ዘጋባት።

አድማጮች ፈረዱ። አቶ ለምን የሚባለው የዘወትር ደዋይ፣ «እሷው ናት። ለምን ትዋሻለች?» አለ። አንዲት ሴት፣ «አውቶቡስ ስትጠራም ትንፋሿን እንደዚሁ ነው የምትቆርጠው፤ እኔ በእሷ ነው ልጆቼን ትምህርት ቤት የምልከው፣ አታታልለኝም» አለች። ሦስተኛው የመናኸሪያዋ ሁለት ጊዜ፣ ያኔ ድምፅዋን ቀይራ አሁን ደግሞ እህቷ ነኝ ብላ፣ መዋሸቷ እንዳሳዘነው ገለጸ። ታናሽየዋ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ሰማች። ገና በስብሰባው ላይ ያለች እህቷን በገዛ አፏ የቀበረቻት መሰላት።

ታላቅየዋ የገባችው አመሻሽ ላይ ነው። ጫማዋን አወለቀች፣ ውሃ ጠጣች፣ ቁጭ አለች።

«አላባረሩኝም» አለች።

ታናሽየዋ አፏን ከፍታ አየቻት።

«‹እኔ ነኝ› ልል አፌን ስከፍት፣ ከወዲያ ክፍል ጸሐፊዋ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገችው። ኃላፊው እጁን አነሳና ሁላችንም ዝም ብለን ሰማን። እኔ ፊታቸው ቁጭ ብያለሁ፤ አፌ ተዘግቷል፤ ድምፄ ከወዲያ ክፍል ይመጣል። ጋሽ ጆሮ ‹የመናኸሪያዋ› ይላል። መጀመሪያ የሳቀው የሠራተኛ አስተዳደሩ ነው። ቀጥሎ ሁሉም ሳቁ። ኃላፊው ዓይኑ እንባ እስኪያወጣ ሳቀ። ‹ታናሽ እህት አለችሽ እንዴ? ታዲያ ለምን ቀድመሽ አትናገሪም?› አለኝ።»

«እና ምን አልሽ?»

«‹የመጀመሪያው እኔ ነኝ፤ የተናገርኩትም እውነት ነው› አልኳቸው።»

«ከዚያስ?»

«‹እህትሽን ለማዳን ነው፣ ይገባናል› አሉኝ። አመሰገኑኝ። ደግ ሴት ነሽ አሉኝ።» ታላቅየዋ የብርጭቆውን ጠርዝ በጣቷ አሸችው። «‹ወጣት ናት፣ ሥራ ፈት ናት፤ ሥራ ፈት ምን አያወራም› ብለው ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፉት። ነገ ማይክ ላይ ነኝ።»

«እትዬ፣ እኔ ሥራሽን…»

«ሥራዬንማ አትርፈሽልኛል» አለች ታላቅየዋ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ አውቶቡስ የምትጠራበት ጥርት ያለ ድምፅ ነበር፣ ለማንም ያልሆነ፣ ለሁሉም የሆነ።

በማግስቱ «ከተማው ምን አለ» ላይ መጀመሪያ የደወለው ኃላፊው ነው። «ጋሽ ጆሮ፣ ዛሬስ ተበላህ» አለው። የመናኸሪያዋ በዚያች ሰዓት ፊቱ ተቀምጣ እንደነበር፣ ስድስት ሰው ምስክር እንዳለው ተናገረ። ጥገናው በጥሩ ሁኔታ ላይ እንደሚገኝም በዚያው ጨመረበት። ጋሽ ጆሮ ግን የለመደ ሰው ነውና፣ «በሉ አድማጮች፣ የዛሬው ርዕሳችን የኔ ጆሮ ነው» አለ፤ ስልኩም ተጨናነቀ። ዘወትር ስለ መብራት አቤት የሚለው ሰውዬ መብራቱን ትቶ፣ ጆሮም እንደ ትራንስፎርመር እንደሚያረጅ አስረዳ። አንዲት ነርስ ጆሮ በምን እንደማይጸዳ መከረች። ባለ ወፍጮ የተባለችው ባልቴት ደውላ ወፍጮ እንደሌላት አመነች፤ ቴክኒሻኑ በሳቅ ብዛት ቃጭሉን ጣለው። ልብስ ሰፊው እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚስቱን ትቶ ስለ ጆሮ ግጥም አነበበ፤ ብዙ ሰው ከእስካሁኑ ሁሉ ይሻላል አለ።

አቶ ለምን ብቻ መጨረሻ ላይ ገብቶ፣ «እና ሲሚንቶውስ?» አለ።

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ ጋሽ ጆሮ። «ከዚያ በፊት ግን መስመር ላይ የጠበቁን አሉ።»

ታላቅየዋ ይህን አልሰማችም፤ ማይክ ላይ ነበረች። ግቢው ውስጥ ልብስ የምታሰጣው ታናሽየዋ የጋሽ ጆሮን ሳቅ ከአንድ ጆሮ፣ የእህቷን ድምፅ ከሌላው ትሰማ ነበር። «ማረፊያ ለጥገና የተዘጋ መሆኑን እየገለጽን» ይላል። ድምፁ አልተሰበረም፤ እንደ ወትሮው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ማታ ስልኩ ጮኸ። በጣቢያው ስልክ የምታነሳው ሴት ናት። በኪነ ጥበብ ሰዓት ሁለቱንም እህትማማቾች ስቱዲዮ ሊጋብዙ ይፈልጋሉ፤ ጋሽ ጆሮ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጥና እነሱ ተራ በተራ ይናገራሉ፣ እሱ ይለያል። ከተማው በጉጉት እየጠበቀ ነው፤ ስፖንሰርም ተገኝቷል። ታናሽየዋ ስልኩን በመዳፏ ሸፍና ነገሩን ለታላቅየዋ ነገረቻት። ታላቅየዋ የሥራ ልብሷን እየተኮሰች ነበር።

«እኔ ምን አለኝ?» አለች ሳትዞር። «አንቺ ሂጂ።»

«እኔ ምን እላለሁ እዚያ?»

«ያልሽውን። ስለ ማረፊያው የተናገርሽው አንቺ አይደለሽ?»

«እትዬ፣ አንቺ ነሽ እኮ።»

«የትም ቦታ እንደዚያ አልተጻፈም» አለች ታላቅየዋ። ካውያውን አቁማ፣ ልብሱን ትከሻው ላይ አጥፋ፣ ወደ መኝታ ክፍሉ ይዛው ገባች።

ከመዳፏ ሥር ሴትየዋ ትጣራ ነበር። ታናሽየዋ ስልኩን ወደ ጆሮዋ መለሰችው።

«ሄሎ? ማንኛችሁ ናችሁ አሁን?» አለች ሴትየዋ፣ እየሳቀች።